ላቬንደር በኤዶ ድስት

የሰው ዕቃ እየከፈትኩ ነው ያረጀሁት። ድሬዳዋ ጉምሩክ ፈታሽ ነበርኩ፤ ካርቶን ስቀድ፣ ሻንጣ ስዘረግፍ፣ "ይሄ ምንድነው? ከየት መጣ? ለምን ይሆናል?" ስል ዕድሜዬ ሄደ። እኔ ጡረታ ስወጣ ጥያቄው አብሮኝ አልወጣም። ባለቤቴ "አንቺ ሴትዮ፣ ገነት በር ላይ ስትደርሺ መልአኩን ሻንጣህን ክፈት ሳትይው አትቀሪም" እያለ ያሾፍብኛል። እናም የኤዶ የልጅ ልጅ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አምጥታ ማለቂያ የሌለው ሐምራዊ የላቬንደር አበባ ማሳ ስታሳየኝ፣ ነገሩ እኔ ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ ወዲያው ገባኝ።

ኤዶ የግቢያችን ታላቅ ናት። በሶማሊኛ "ኤዶ" የአባት እህት ማለት ነው፤ ለማናችንም ግን የአባት እህት አይደለችም። አባቴ ከደጋ ወርዶ ምድር ባቡር ሲቀጠር ይህን የከዚራ ሰፈር ግቢ ከእሷ ቤተሰብ ጋር ተካፍሎ ገባ፤ እኔም እዚሁ ተወለድኩ፣ እዚሁ ወለድኩ። የእነሱን ረመዳን ከእነሱ ጋር እጠብቃለሁ፣ የእኛን ሁዳዴ ከእኛ ጋር ትቆጥራለች። አንቱ አልላትም። ድሬ ላይ አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ ከመሀል አገር የመጣ እንግዳ ይደነግጣል እንጂ እኛ ተከባብረን ነው አንቺ የምንባባለው።

ኤዶ ኡንሲ ትሠራለች። ኡንሲ ሙሽራ ልብሷንና ፀጉሯን የምትታጠንበት ዕጣን ነው። ስኳር በውሃ እስኪወፍር ይፈላና ሰንደል፣ ቅርንፉድ፣ ሚስክና የሽቶ ዘይት ይገባበታል፤ ትሪ ላይ ፈሶ ሲደርቅ ይፈረፈራል፣ ከዚያ ቆንጠር አድርጎ ፍም ላይ ማኖር ነው። በየቤቱ ይሠራል፤ የኤዶን ግን የሚደርስበት የለም። በማንኪያ አትለካም። ድስቱ ላይ ታጎነብሳለች፣ በረጅሙ ትስባለች፣ "ገና ነው" ትላለች፣ ጠብ ታደርጋለች፣ ደግሞ ትስባለች። "ኸላስ" ካለች አለቀ። ከመጋላም ከሳቢያንም ልጅ የሚድር ሁሉ እሷ ዘንድ ይመጣል።

አሁን ደግሞ የምትዳረው የራሷ ልጅ ናት። የልጅ ልጅ ብንላትም ኤዶ ናት ያሳደገቻት፤ እናቷ በሕፃንነቷ ነው የሞተችው። ልጅቷ የስልኩን ማሳ ካሳየችን በኋላ ተሞላቀቀች።

"አዬዮ፣ በኔ ኡንሲ ውስጥ ላቬንደር ይግባልኝ። በቃ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።"

አዬዮ አያት ማለት ነው። ኤዶ ስልኩን አየችው፣ ልጅቷን አየቻት፣ ወደ እኔ ዞረች። "ይሄን ነገር ታውቂዋለሽ?" አለችኝ። ስሙን አውቀዋለሁ። በስንት ካርቶን ላይ አንብቤዋለሁ። አበባውን ግን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ይህ አናደደኝ። የማላውቀው ነገር በእጄ አልፎ መሄዱን አልወድም።

በማግስቱ በባጃጅ ታይዋን የሚባለው ገበያችን ወረድኩ። ገበያው ውስጥ ላቬንደር ያልሆነ ነገር ጠፋ! ሳሙናው ላቬንደር፣ ሻምፖው ላቬንደር፣ የልብስ ማለስለሻው ላቬንደር፣ የሕፃን ፓውደሩ ላቬንደር፣ የወለል ማጽጃው በትልቅ ጀሪካን ላቬንደር። ሁሉም ሐምራዊ ነው፣ ሁሉም ያቺኑ አበባ ለጥፏል፣ አንዱም ግን ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። አንዱን ከፍቼ አሸትታለሁ፣ ወደ ሌላው እሄዳለሁ። ባለሱቋ ትዕግሥቷ አለቀ።

"እናቴ፣ ትገዢያለሽ ወይስ አሽትተሽ ልትጨርሺው ነው?"

"የትኛው ነው እውነተኛው?"

"አቦ ተይ! ሁሉም እውነት ነው፣ ደረሰኝ አለው።"

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ከዚያ ወጥቼ መጋላ ገባሁና አንድ ሽማግሌ ሽቶ ሻጭ ዘንድ ደረስኩ። አያቶቹ ከየመን የመጡ ናቸው፤ ሱቁ ከቁም ሳጥን አይበልጥም፣ ጣሪያው ድረስ ግን ብልቃጥ ነው። የምፈልገውን ስነግረው አበባውን በስልኬ አየና ሳቀ። "ይሄማ ኹዛማ ነው" አለኝ። እነሱ ኹዛማ ይሉታል። ከመሳቢያ አንድ ከረጢት አውጥቶ መዳፌ ላይ አፈሰሰልኝ፤ ግራጫና ሐምራዊ የተቀላቀለበት፣ እንክርዳድ የመሰለ ደረቅ ፍሬ። በጣቴ አሸሁት።

ምን ብዬ ልንገራችሁ? መጀመሪያ እንደ አሪቲ መራር ይላል። ከኋላው ካምፎር የመሰለ ቀዝቃዛ ነገር አለ፣ አፍንጫን ይከፍታል። ከዚያ መጨረሻ ላይ፣ ሌላው ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ ለስለስ ያለ ጣፋጭ ነገር ይቀራል። ታይዋን ያሸተትኩት ሁሉ ይህን የመጨረሻውን ብቻ ሰርቆ የቀረውን ጥሎታል።

ሽማግሌው አያቱ ይህን አፍልታ ሆዱን ለነፋው ታጠጣ እንደነበር፣ በጨርቅ ቋጥራም ልብስ መሀል ታስቀምጥ እንደነበር አጫወተኝ። "ብል አይጠጋውም፣ ወላሂ። ብል ይጠላዋል፣ ሰው ይወደዋል።" ደረቁንና የዘይቱን ብልቃጥ ገዝቼ ተመለስኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ስለዚህ አበባ ማንበብ ያዝኩ። ሮማውያን መታጠቢያ ቤታቸው ውስጥ ውሃው ላይ ይጨምሩት ነበር አሉ፤ ስሙም ከመታጠብ የመጣ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። በአውሮፓ አጣቢ ሴቶች ያጠቡትን አንሶላ ገመድ ላይ ሳይሆን በላቬንደር ቁጥቋጦ ላይ ያሰጡት ነበር፤ አንሶላው ሲደርቅ ጠረኑን ይዞ ይነሳል። ይህን ሳነብ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ የሚሰጣው ልብስ ትዝ አለኝ፤ የኛ ደግሞ አቧራውን ይዞ ይነሳል። ወረርሽኝ በገባ ጊዜ በሽታ በመጥፎ ሽታ ይመጣል ብለው ስለሚያምኑ የእጃቸው አንጓ ላይ ያስሩት ነበር። እንቅልፍ እምቢ ላለው ትራስ ውስጥ፣ ለራስ ምታት ግንባር ላይ፣ ለቅማል ፀጉር ላይ። አንድ ቁጥቋጦ ይህን ሁሉ ሥራ ችሎ እኛ ዘንድ ሲደርስ ወለል ማጽጃ ሆኖ መቅረቱ አሳዘነኝ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ዘመዶቹ ሩቅ አለመሆናቸው ነው። የዱር ላቬንደር በየመን ድንጋያማ ተራሮች ላይ፣ በእኛም በአፍሪካ ቀንድ ደረቅ ኮረብታዎች ላይ ይበቅላል ይላል ያነበብኩት። ከመልካ ጀብዱ በኩል የግመል ወተት ይዛ የምትመጣ ደንበኛ አለችን፤ ደረቁን አስሸተትኳት። አሸተተች፣ አስነጠሳት፣ "ፍየል ይበላዋል?" ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። "ፍየል የማይበላው ከሆነ አይቼው አልፌ ይሆናል እንጂ አላስታውሰውም" አለች። ፍርዷ ፍትሐዊ ነው ብዬ ተቀበልኩ።

ቤቴንም የሙከራ ጣቢያ አደረግሁት። ቁም ሳጥን ውስጥ ቋጥሬ ሰቀልኩ፤ ጥሩ። ትራስ ሥር አደረግሁ፤ ባለቤቴ ደህና ተኛ፣ ግን ድሮም ደህና ነው የሚተኛው፣ ማስረጃ አይሆንም። ሻይ ውስጥ ጨመርኩ። አንዴ ፉት አለና ብርጭቆውን በቀስታ አስቀመጠው። "ሳሙናውን ለብቻ ብታደርጊልኝ ምን ነበር?"

ኡንሲው የሚሠራበት ቀን ደረሰ። ወጉ እንዲህ ነው፤ ኤዶ ስትሠራ ጓዳዋ ሰው አይገባም። ሽንኩርት የነካ፣ ሽቶ የተቀባ፣ ወሬ የሚያበዛ ከበሩ ይመለሳል። ሦስቱንም ስለምሆን ሁልጊዜ ውጭ ነኝ። ደጅ ላይ በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ ልብስ እየተኮስኩ አዳምጣታለሁ።

"ገና ነው" ትላለች ከውስጥ። ማማሰያው ድስቱን ይፍቃል። "ገና ነው።" እንደገና ማማሰያው። "ገና ነው።"

መጀመሪያ ያቺ የማውቃት መራር ጠረን መጣች፤ ደስ አለኝ። ከዚያ አልሄድ አለች። እየወፈረች፣ እየከበደች መጣች፤ ዓይኔ ማልቀስ ጀመረ። የጎረቤት ልጅ በአጥሩ በኩል ብቅ ብሎ "ወለል እየተወለወለ ነው?" አለ። ኤዶ ከውስጥ "ገና ነው" አለች።

ወጉን ጥዬ ገባሁ። የላቬንደሩ ብልቃጥ ከግማሽ በታች ሆኗል። ድስቱ ውስጥ ያለው ነገር እንኳን ሙሽራ ሊያጥን ትልቅ ሆቴል ከነፎቁ ያጸዳል። ኤዶ በረጅሙ ሳበችና ዓይኗን ጨፈነች።

"ማሻአላህ። እንዴት ያለ መዓዛ ነው! የኔ ልጅ አበባ መምረጥ ታውቅበታለች።"

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ግን ጠፋ። የምታሾፍ አልነበረችም። ያኔ የፈታሽነቴ ጋኔን ተነሳብኝ። ጠረጴዛው ላይ ገና ያልተከፈተ፣ ክዳኑ እንደታሸገ ያለ የሰንደል ብልቃጥ ነበር። ክዳኑንና ጽሑፉን በጣቴ ሸፍኜ አፍንጫዋ ሥር ያዝኩላት።

"ይሄስ ኤዶ?"

ሳበች። "ጽጌረዳ ነዋ" አለች። "ንጹሕ ጽጌረዳ።"

ጣቴን አነሳሁ። እሽጉን አየችው። እሳቱን አጠፋችና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ኤዶን ተቀምጣ ሳይሆን ወድቃ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ከያዘኝ ከዚያ ክፉ ጉንፋን ወዲህ ነው" አለችኝ። "ሌላው ሁሉ ደህና ሆነ፣ ማሽተቱ አልመለስ አለ። ወጡ ውሃ ነው፣ ሽቶው ውሃ ነው። ሰው 'እንዴት ነው?' ሲለኝ 'ማሻአላህ' እላለሁ። ምን ልበል?"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንቺ ስትሰሚ ከተማው ይሰማል አቦ!"

ውሸት አልነበረም፤ ዋጥኩት። ከዚያ ሌላውን ነገረችኝ። ልጇ፣ የሙሽራዋ እናት፣ ልትሞት ስትል ሕፃኗን ደረቷ ላይ አስተኝታ ኤዶን አንድ ቃል አስገብታታለች። ይህች ልጅ ስትዳር ኡንሲዋን ከገበያ እንዳትገዛላት፣ ሌላ ሰው እንዳይሠራላት፣ ኤዶ በራሷ እጅ እንድትሠራላት። "ለሰው ሁሉ ልጅ ሠራሁ" አለች ኤዶ፣ "ለኔ ሲደርስ ድስቱ ደነቆረብኝ። ወላሂ፣ ለልጅቷ የነገርሽ ዕለት አላውቅሽም።" ስታለቅስ ድምፅ የላትም፤ የሻሿ ጫፍ ብቻ ይርሳል። እኔ ግን በጣም ፈራሁ። ሰው አንድ ነገር በደንብ ሲያውቅ ኖሮ ያን ነገር በመጨረሻ ሲያጣው እንደማየት የሚያስፈራ የለም።

የአፍንጫና ጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ለልጅቷ "ለደም ግፊት ነው" አልናት። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ እውነቱን አልሸፈነም፤ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል አለ። መድኃኒት ብሎ ያዘዘው ጠንካራ ሽታ ያላቸውን ነገሮች ጠዋትና ማታ ማሽተት ነው። እያሽተቱ ማሰብ፣ እያሰቡ ማሽተት። ኤዶ ስንወጣ "ይሄንንማ እኔም አዘው ነበር" ብላ ተሳለቀች።

ጀመርን። ቅርንፉድ፣ ሎሚ፣ ጽጌረዳ፣ ላቬንደር። ጠዋት ፀሐይዋ ሳትበረታ የግቢው ኒም ዛፍ ሥር እንቀመጣለን፤ ብልቃጡን እከፍታለሁ፣ ትስባለች።

"ባዶ።"

"እሺ ይሄስ?"

"ባዶ። ምን ይላል? ንገሪኝ።"

ያኔ ነው ከባዱ ነገር የመጣው። ሽታን በቃል መናገር ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ሎሚን "ሎሚ ሎሚ ይላል" ትላላችሁ እንጂ ሌላ ምን ትላላችሁ? እኔ ወረቀት ስሞላ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ክብደት፣ ብዛት፣ የተሠራበት አገር። ኤዶ በዚህ አትረካም። ላቬንደሩን "አሪቲና ካምፎር" ስላት "እሱ ከላይ ነው፤ ከሥሩስ?" ትለኛለች። ደግሜ አሸትታለሁ። "ከሥሩ ገለባ አለ፣ ፀሐይ የመታው ገለባ።" "እህ። ከገለባው ሥርስ?" እኔ አፍንጫ ያለኝ ይመስለኝ ነበር። እሷ በሌላት አፍንጫ ከእኔ የበለጠ ትጠይቃለች። አንድ ጠዋት ብልቃጡን ይዤ ቆየሁና "ከገለባው ሥር ትንሽ ማር አለ፣ ያልተጣራ" አልኳት። "እንደዚያ ከሆነ ከሚስክ ጋር ይጣላል፣ ከሰንደል ጋር ይስማማል" አለች።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልኩ አጽናናታለሁ። የሷ እንቁላል ግን አልተነሳም። ሠርጉ ቀረበ፣ እሷ "ባዶ" ትላለች። ሁለተኛውን ኡንሲ ያለሷ አፍንጫ መሥራት ግድ ሆነ።

ሽንኩርት ሳልነካ፣ ሽቶ ሳልቀባ፣ አፌን ዘግቼ ወደ ጓዳዋ ገባሁ። ማማሰያው በእጇ ነው፣ ብልቃጡም በእጇ ነው፤ ቃል የገባችው በእጇ ስለሆነ እንድነካ አልፈቀደችልኝም። እኔ ድስቱ ላይ አጎነብሳለሁ። "ሰንደሉ መጥቷል?" "መጥቷል።" "ከፊት ነው ከኋላ?" "ከፊት።" "ቅርንፉዱ ይወጋል?" "ትንሽ ይወጋል።" "ትንሽ ስትይ የጉምሩክ ትንሽ ነው የሰው ትንሽ?" ተጨቃጨቅን፣ ተሰዳደብን፣ ላባችን ድስቱ ውስጥ እንዳይገባ በሻሽ እየጠረግን ቆየን። ላቬንደሩን መጨረሻ ላይ ጠብ አደረገችው። የልጅቷ ምኞት ነውና ይቅር አላለችም፤ ጠብ ብቻ። "አለ?" አለችኝ። ሳብኩ። በሰንደሉ መሀል እንደ ቀዝቃዛ ንፋስ ሽው ብሎ አለፈ። "አለ" አልኳት። "ኸላስ በያ!" አለችኝ። ቃሉን እኔ እንድለው መጠየቋ አንጀቴን በላው። "ኸላስ" አልኩ።

ለሠርጉ ዝግጅት የመጡ ሴቶች አሽትተው አበዱ። "እጅሽ ይባረክ፣ እንዲህ ያለውንስ ሠርተሽ አታውቂም" አሏት። ኤዶ "አሚን፣ አሚን" ትላለች፤ ፊቷን ያየሁት እኔ ነኝ። የሌላ ሰው ምስጋና እንደምትቀበል ሁሉ አንገቷን ደፍታ ነበር።

የሠርጉ ቀን ድሬ እንደ ልማዷ ነደደች። ክፍሉ በሴት ሞልቷል፤ ቬንትሌተሩ ሙቀቱን ከዚህ ወደዚያ ከማዞር በቀር የሚሠራው የለም። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ገላዋን ታጥባለች፣ ሂናዋ ደርቋል፣ ድሪዟ፣ ያ ስስ ረጅም ቀሚሷ፣ በኡንሲው ታጥኗል፣ ፀጉሯም እንዲሁ። እልልታው ይቀልጣል። እሷ ግን ከንፈሯ ደርቆ፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣብቃ ተቀምጣለች።

ኤዶ ልትመርቃት ቀረበች። ጎንበስ ብላ በአንገቷና በትከሻዋ መሀል ሳመቻት። ቀና ትላለች ስል ቀረች። እዚያው ቆየች። ከዚያ በድንገት ቀና ብላ ሴቶቹን ዞራ ተቆጣች።

"ማነው ይችን ልጅ ያላጠባት? ላብ ላብ ትላለች እኮ!"

ክፍሉ ደነገጠ። ሚዜዎቹ ተናደዱ፣ "ኧረ አዬዮ፣ ሁለቴ ነው የታጠበችው!" ይላሉ። ልጅቷ ልታለቅስ ዓይኗ ሞላ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ያለችውን ልብ ብዬ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። በሰው ጉልበት ላይ እየረገጥኩ አጠገቧ ደረስኩ።

"ኤዶ፣ ምን አልሽ?"

"ላብ ነው የምልሽ!" አለች በቁጣ። ከዚያ የተናገረችውን ራሷ ሰማችው። አፏን በመዳፏ ያዘች። እንደገና ወደ ልጅቷ አንገት ጎንበስ አለች፤ በረጅሙ፣ ድሮ ድስቱ ላይ እንደምታደርገው ሳበች። "ስትፈራ ነው እንዲህ የሚላት" አለች። "ገና ጡት ስትጠባ ጀምሮ። አትፍሪ እናቴ፣ አትፍሪ።"

እኔም ማልቀስ ጀመርኩ፤ ሴቶቹ ሠርጉ አስለቅሶን መስሏቸው እልልታውን አበዙት። ኤዶ ጆሮ ሥር ገብቼ ጠየቅኳት፤ መጠየቅ ያን ጊዜ እንኳን አልተወኝም።

"ሰንደሉስ? ላቬንደሩስ መጣልሽ?"

ፊቷን ከልጅቷ አንገት ሳታነሳ እጇን አወናጨፈችብኝ።

"አበባሽን ተይው አቦ! ልጄ ሸተተችኝ።"